የድምፅ ማጉያ ለቤት፤ ረጅሙ ይሻላል ወይስ ትንሹ ከነሰብዉፈሩ?

በዚህ ዓምድ ስለ ቤት ዕቃ ስንጽፍ ብዙ ጊዜ የሚቀርብልን ጥያቄ ስለ ምድጃ፣ ስለ ማቀዝቀዣና ስለ አልጋ ነው። በዚህ ወር ግን አንዲት እመቤት ከአዲስ አበባ የላኩልን ደብዳቤ ከዚህ የተለየ ሆኖ አገኘነው። ቤታቸው በጋራ መኖሪያ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የሚቀመጡበት ክፍል ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ወርዱ 3.5 ሜትር ነው። የቤቱ የድምፅ መሣሪያ ስላረጀ ሌላ ለመግዛት ገንዘብ አጠራቅመዋል። አባወራው ከወገብ በላይ የሚደርሰውን፣ በገበያ «ታወር» የሚባለውን የረጅም ማጉያ ጥንድ ካልገዛን ይላሉ። ትልቁ ልጅ ደግሞ ሁለት ትንንሽ ማጉያዎችና አንድ ሰብዉፈር ይበቁናል ባይ ነው። ክርክሩ ገበታ በቀረበ ቍጥር እየተነሣ እነሆ ሁለት ሳምንት ሆነው። እመቤቲቱም ጕዳዩን ሁሉ በዝርዝር ከጻፉ በኋላ፣ በመጨረሻው ላይ፣ «እኔስ የምፈልገው አማቴ የሚባለውን ቃል ለይተው እንዲሰሙ፣ ከታች ያሉትም ጎረቤቶቻችን እንዳይቀየሙን ነው» ይላሉ።

እኛ ደብዳቤውን ደጋግመን ካነበብን በኋላ ዋናው ጥያቄ በዚህ በመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ውስጥ እንዳለ ተረዳን። ይሁን እንጂ የአባትና የልጁም ክርክር መሠረት ያለው ስለ ሆነ ከእርሱ እንጀምራለን። ለጥንቃቄ ያህል፣ በዚህ ጽሑፍ ማጉያ ስንል ድምፁ የሚወጣበትን ሣጥን ማለታችን ነው፤ ኀይል የሚሰጠውን አምፕሊፋየር በስሙ እንጠራዋለን።

ድምፅ የአየር መርገብገብ ነው። ጤናማ የሆነ የወጣት ጆሮ በሴኮንድ ከ20 ጊዜ ጀምሮ እስከ 20,000 ጊዜ የሚርገበገበውን ይሰማል፤ ይህም ቍጥር ሄርዝ በሚባል መለኪያ ይነገራል። ድምፅ በክፍል ውስጥ በሴኮንድ ወደ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ እጅግ ቀጭን የሆነው የ20,000 ሄርዝ ሞገድ ርዝመቱ 2 ሴንቲ ሜትር አይሞላም፤ ወፍራሙ የ40 ሄርዝ ሞገድ ግን 8 ሜትር ተኩል ይደርሳል። እንግዲህ ወፍራም ድምፅ ማለት ከሚሰማበት ቤት የሚበልጥ እንግዳ ማለት ነው። ቀጭኑን ድምፅ ለማውጣት የአውራ ጣት ጥፍር ከሚያህል ብዙም የማትበልጥ ትዊተር ትበቃለች። ወፍራሙን ለማውጣት ግን ብዙ አየር መግፋት ያስፈልጋል፤ ኀይሉ ሳይቀንስ የመርገብገቡ ቍጥር በግማሽ በወረደ መጠን የሚገፋው አየር አራት እጥፍ መሆን አለበት። በ80 ሄርዝ አንድ ስፍር አየር የገፋ ማጉያ፣ በ40 ሄርዝ ያንኑ ያህል ለመሰማት አራት ስፍር፣ በ20 ሄርዝ ደግሞ ዐሥራ ስድስት ስፍር መግፋት ይኖርበታል።

ከዚህ የተነሣ በማጉያ ሠሪዎች ዘንድ የታወቀ አንድ ጥብቅ ሕግ አለ፤ የታላቁ ፒያኖ ተጫዋች የጆሴፍ ሆፍማን ልጅ በሆነው በአሜሪካዊው መሐንዲስ ስም የሆፍማን ሕግ ይባላል። ሣጥኑ ትንሽ እንዲሆን፣ ወፍራሙን ድምፅ ወደ ታች ጠልቆ እንዲያወጣ፣ በጥቂት ኀይልም አብዝቶ እንዲጮኽ ትመኙ ይሆናል፤ ከሦስቱ ግን ሁለቱን ብቻ ነው የምታገኙት። አባወራው የወደዱት ረጅም ማጉያ የመጀመሪያውን ትቶ ሁለቱን ኋለኞች የመረጠ ነው። ቁመቱ ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ለአየሩ የሚሆን ሰፊ ሆድ ይሰጠዋል፤ ትዊተሯንም ተቀምጦ በሚሰማ ሰው ጆሮ ትክክል ያደርሳታል። ልጁ የወደደው ሰብዉፈር ደግሞ ትንሽ ሣጥንና ጥልቅ ድምፅ መርጦ፣ በጥቂት ኀይል መሥራትን የተወ ነው። ስለዚህም በሆዱ የራሱን አምፕሊፋየር ይዞ፣ የራሱን ሶኬት ይጠይቃል። እንግዲህ አባትና ልጅ የተከራከሩት ስለ አንድ ሕግ ሁለት ገጽ ነው እንጂ፣ አንዱ ዐዋቂ ሌላው አላዋቂ ሆኖ አይደለም።

ትንሽ ሣጥን ደኅና ወፍራም ድምፅ ሊያወጣ እንደሚችል ለዓለም ያሳዩት ኤድጋር ቪልቸርና ተማሪው የነበረው ሄንሪ ክሎስ ናቸው። እነዚህ ሰዎች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1954 በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ፣ በኬምብሪጅ ከተማ አኩስቲክ ሪሰርች የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። አሳባቸውም፣ ሣጥኑን ከሁሉ አቅጣጫ ደፍኖ በውስጡ የታሰረውን አየር ራሱን እንደ ሞላ አድርጎ መጠቀም ነበር። ከዚያ በፊት ጥልቅ ድምፅ የፈለገ ሰው ቁም ሣጥን የሚያህል ዕቃ በሳሎኑ ማቆም ግድ ይሆንበት ነበር። ከዚያ ወዲህ የእንግሊዝ የሬዲዮ ድርጅት ቢ.ቢ.ሲ. በ1970ዎቹ ዓመታት በመኪና ውስጥ ለሚሠሩ የድምፅ ባለሙያዎቹ አንዲት ትንሽ ማጉያ አሠርቶ ነበር። ይህች ማጉያ በሰው ድምፅ ጥራት እስከ ዛሬ ትመሰገናለች፤ ወፍራም ድምፅ ግን የላትም፤ የታሰበችውም ለንግግር ነው። ይህንን ያነሣነው የእመቤቲቱን የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር ስንመልስ ስለሚጠቅመን ነው።

አሁን የራሳችንን ጥፋት እንናገር። ከዐሥር ዓመት በፊት እኛም እንደ እኒህ አባወራ በቁመት ተማርከን ረጃጅሞቹን ገዝተን ነበር። የሱቁ አዳራሽ ሰፊ ስለ ነበረ እዚያ ስንሰማቸው ድምፃቸው እንደ ወንዝ ይፈስስ ነበር። ወደ ቤታችን አምጥተን፣ መካከሉን ቡፌው ስለ ያዘው በግራና በቀኝ ጥግ ካስጠጋናቸው በኋላ ግን ሌላ ዕቃ ሆኑ። አንዳንዱ ወፍራም ድምፅ ብቻውን ያብጣል፤ አንዳንዱ ይጠፋል። በግድግዳው አጠገብ የተቀመጠ ሰው ደረቱ ሲንቀጠቀጥ፣ በክፍሉ መካከል የተቀመጠው «ወፍራሙ ድምፅ የት አለ?» ይላል። በሦስተኛው ቀን ከታች የሚኖሩ አንዲት እናት በቀስታ አንኳኩተው ገቡና፣ «ልጆቼ፣ ከላይ ወፍጮ ተከላችሁ እንዴ?» አሉን። ቍጣ አልነበረባቸውም፤ በእውነት የጠየቁ ይመስላል። እኛ ዜማ ስንሰማ ወደ እርሳቸው የሚደርሰው ቃሉም ዜማውም ቀርቶ ድብ ድብ ማለቱ ብቻ ነበር። በመጨረሻ ከገዛንበት ዋጋ አሳንሰን ሰፊ ሳሎን ላለው አንድ ወዳጃችን ሸጥናቸው። በዚያ ቤት ዛሬም ድረስ መልካም ሆነው ይሰማሉ። ማጉያዎቹ እነዚያው ናቸው፤ የተለወጠው ክፍሉ ብቻ ነው።

የዚህ ምክንያት ኋላ ገባን። ወፍራም ድምፅ በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች መካከል ሲመላለስ፣ የክፍሉ ርዝመት ከሞገዱ ግማሽ ጋር እኩል በሆነበት ቦታ ክፍሉ ራሱ እንደ ከበሮ ሆድ ያስተጋባል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ 343ን ለክፍሉ ርዝመት እጥፍ ማካፈል ነው። በእመቤቲቱ ክፍል በ4 ሜትሩ በኩል 43 ሄርዝ፣ በ3.5 ሜትሩ በኩል 49 ሄርዝ ይመጣል። በነዚህ ቍጥሮች ላይ ድምፁ በግድግዳዎቹ ሥር ይከማቻል፤ በክፍሉ መካከልም ይሳሳል። ሁለቱ ቍጥሮች ደግሞ የተቀራረቡ ስለ ሆኑ እብጠታቸው እርስ በርሱ ይደራረባል። ክፍሉ ሰፊ ሲሆን ይኸው መጀመሪያ ቍጥር ወደ ታች ይወርዳል፤ በ7 ሜትር ሳሎን 24 ሄርዝ ተኩል ላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ ዜማ ብዙ ሥራ የለውም።

እንግዲህ በእኛ አስተያየት በረጅሙና በትንሹ መካከል ያለው ዋና ልዩነት ዋጋውም ቁመቱም አይደለም። ግራና ቀኝ ማጉያዎች የሚቆሙበትን ቦታ የሚወስነው የሰሚው ጆሮ ነው፤ ሁለቱ ማጉያዎችና ሰሚው ጐኖቹ እኩል የሆነ ሦስት ማዕዘን እንዲሠሩ ይፈለጋል። ወፍራሙ ድምፅ የሚቆምበትን ቦታ የሚወስነው ግን ክፍሉ ነው። ረጅሙ ማጉያ ሁለቱን በአንድ ሣጥን አስሮ ስለሚይዝ ለአንዱ የተመቸው ቦታ ለሌላው ላይመቸው ይችላል። ሰብዉፈር ግን ለብቻው ይንቀሳቀሳል። ይህም የሚቻለው፣ ከ80 ሄርዝ በታች ያለውን ድምፅ ጆሮአችን ከየት አቅጣጫ እንደ መጣ ለይቶ ለማወቅ ስለሚቸገር ነው፤ በሶፋው ኋላ ቢቀመጥ እንኳ ድምፁ ከፊት ከሚጮኹት ጋር የመጣ ይመስላል። እንዲያውም ቶድ ዌልቲ የተባለ የሐርማን ድርጅት ተመራማሪ በ2002 ባቀረበው ጥናት፣ ሁለት ሰብዉፈሮች በትይዩ ግድግዳዎች አጋማሽ ላይ ሲቀመጡ ወፍራሙ ድምፅ በመቀመጫዎቹ ሁሉ የተስተካከለ እንደሚሆን አሳይቷል። ለአንድ ተራ ቤተ ሰብ ሁለት ሰብዉፈር ብዙ እንደ ሆነ እናውቃለን፤ አሳቡን ለመግለጥ ያህል ነው።

ቦታውን የማግኛው ዘዴ የሚያስቅ ነው፤ እኛ ስናደርገው ልጆቹ ሁሉ ተሰብስበው ተመልክተውናል። ሰብዉፈሩን ሰው በሚቀመጥበት ሶፋ ላይ ታስቀምጡታላችሁ፤ ወፍራም ድምፅ ያለበትን ዜማ ትከፍታላችሁ፤ ከዚያም በጉልበታችሁ እየዳኻችሁ በግድግዳው ሥር ትዞራላችሁ። ወፍራሙ ድምፅ ሳያብጥ፣ ሳይጠፋም አንድ በአንድ ተለይቶ የሚሰማበት ቦታ ሲገኝ ሰብዉፈሩን እዚያ አምጥቶ ማኖር ነው። ከዚያ በኋላ በጀርባው ያለውን ክሮስኦቨር የሚባለውን ቍልፍ ወደ 80 ሄርዝ ማዞር፣ ፌዝ የሚባለውን መቀየሪያ ወዲያና ወዲህ አድርጎ በመቀመጫው ላይ ሙሉ ሆኖ በሚሰማበት መተው፣ የድምፁንም መጠን መጀመሪያ አብዝቶ ቀጥሎ ሰብዉፈሩ መኖሩ እስኪረሳ ድረስ ዝቅ ማድረግ ነው። «ሰብዉፈራችሁ ድንቅ ነው!» ብሎ የሚያመሰግን እንግዳ ከመጣ አብዝታችሁታል ማለት ነው።

ነገር ግን ልጁን አንድ ነገር እናስጠነቅቀዋለን። በገበያ ላይ በአንድ ካርቶን ታሽገው የሚሸጡ፣ ሁለት ቡጢ የሚያህሉ ማጉያዎችና አንድ ሰብዉፈር ያሉባቸው ስብስቦች ብዙ ናቸው። እነዚያ ሁለቱ እጅግ ትንንሾች ስለ ሆኑ ወደ 150 ወይም ወደ 200 ሄርዝ ሳይወርዱ ይደክማሉ። የወንድ ንግግር መሠረት ግን ከ85 እስከ 180 ሄርዝ ባለው መካከል የሚገኝ ነው። ስለዚህ የሰባኪው ድምፅ ግማሹ ከጠረጴዛው፣ ግማሹ ከወለሉ ጥግ ይመጣል፤ ሰብዉፈሩም የማያውቀውን ሥራ እየሠራ ያጕረመርማል። ትንሽ ማጉያ ስንል ዉፈሩ ከዳር እስከ ዳር ቢያንስ 13 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ፣ ብቻውንም እስከ 80 ሄርዝ ድረስ በደኅና የሚወርድ ማለታችን ነው። ይህ ሳይሟላ የሚደረገው ንጽጽር ሁሉ ለረጅሙ ይፈርዳል፤ አባወራውም ትክክል ይሆናሉ።

በየቤታችን የሚሰማው ነገር ምን እንደ ሆነም ማሰብ ይገባል። በገና ድምፁ ወፍራም ነው ብለን ሁላችንም እናስባለን፤ በእርግጥም ነው። ነገር ግን በአውታሩና በመቀመጫው መካከል የምትገባው እንዚራ አውታሩን እያስነዘረች ድምፁን በብዙ ቀጫጭን ድምፆች ታጅበዋለች፤ ጆሮአችንም ከነዚህ ተነሥቶ መሠረቱን በራሱ ይሞላል። ስለዚህ በገና በደኅና ትንሽ ማጉያ ሲሰማ የሚጐድለው ጥቂት ነው። ከበሮ እንዲህ አይደለም። የሰፊው ገጽ ምት በቀጫጭን ድምፅ የተከበበ ስላልሆነ፣ ማጉያው መውረድ ካልቻለ የሚቀረን እንደ ካርቶን መታ መታ ማለት ነው። እንግዲህ ወደ መሣሪያ መሸጫ ስትሄዱ ሻጩ የሚያሰማችሁን የራሱን ምርጫ ሳይሆን ቤታችሁ ዘወትር የምትሰሙትን አንድ የበገናና አንድ የከበሮ ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ። በሁለተኛው ላይ የከበሮው ሰፊና ጠባብ ገጾች ተለይተው ካልተሰሙ፣ የሣጥኑ እንጨት ቢያብረቀርቅም አትግዙ።

አሁን ወደ አማቲቱ እንመለስ። ሰው ሲያረጅ ጆሮው አስቀድሞ የሚያጣው ቀጭኑን ድምፅ ነው። ሰ፣ ሸ፣ ፈ፣ ከ፣ ተ የሚባሉት ፊደላት ደግሞ የሚለዩት ከ2,000 ሄርዝ በላይ ባለው ክፍል ነው። ሽማግሌው ወይም አሮጊቷ «ይጮኻል እንጂ አይሰማኝም» ሲሉ እውነታቸውን ነው፤ አናባቢው ይደርሳቸዋል፤ ተነባቢው ይቀርባቸዋል። በዚህ ጊዜ የቤቱ ሰው መሣሪያውን ከፍ ሲያደርገው ወፍራሙ ድምፅ አብሮ ይጨምራል፤ ወፍራም ድምፅም ቀጭኑን የመሸፈን ጠባይ ስላለው ቃሉ ይባስ ይደበዝዛል። ጎረቤት የሚቀየመው በዚያን ሰዓት ነው። ስለዚህ ለእኒህ እናት ረጅሙም ሆነ ሰብዉፈሩ መድኃኒት አይሆናቸውም። የሚጠቅማቸው ከትንንሾቹ ማጉያዎች አንዷን ወደ መቀመጫቸው ማቅረብ ነው፤ ርቀቱ በግማሽ ሲያጥር ከማጉያው በቀጥታ የሚደርሳቸው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ይጨምራል። ትዊተሯ ወደ ፊታቸው ትዙር፤ ስብከትና ንባብ በሚሰሙበት ሰዓት ሰብዉፈሩ ይጥፋ፤ ቤዝ የሚለው ቍልፍ ይቀነስ። በረጅሙ ማጉያ ይህን ማድረግ አይመችም፤ እርሱ አንድ ጊዜ ከቆመ ወደ አሮጊት ወንበር አይጠጋም። ከሁሉ በፊት ደግሞ አማቲቱን ወደ ጆሮ ሐኪም ውሰዷቸው፤ አንዳንድ ጊዜ ነገሩ የጆሮ ኵክ ብቻ ሆኖ ይገኛል።

ስለ ጎረቤትም እውነቱን መሸሸግ አንፈልግም። ቀጭን ድምፅን ግድግዳ ያስቀረዋል፤ ወፍራሙን ግን የጋራ ሕንፃ ግድግዳና ወለል በቀላሉ አያግደውም። ከሰብዉፈሩ ወይም ከረጅሙ ማጉያ ሥር ወፍራም ጎማ ወይም ስፖንጅ ማንጠፍ ከሣጥኑ ወደ ወለሉ በንክኪ የሚያልፈውን ንዝረት ይቀንሳል፤ በአየር የሚያልፈውን ግን አያስቀርም። በዚህ ረገድ ሰብዉፈር ይከፋል የሚሉ አሉ። እኛ ግን በተቃራኒው እናያለን፤ ሰብዉፈር ማጥፊያ አለው። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ አንድ ቍልፍ ተጭኖ ወፍራሙን ድምፅ ብቻ ማስተኛትና ዜማውን በዝግታ መቀጠል ይቻላል። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ሊቃውንት በ1933 እንዳስረዱት፣ ድምፅ በቀነሰ መጠን ጆሮአችን ወፍራሙን ከሁሉ አስቀድሞ መስማት ስለሚተው፣ በዝግታ የሚሰማ ዜማ የሳሳ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። ያን ጊዜ ሰብዉፈሩን በጥቂቱ መክፈት የሚፈቅድላችሁ የጎረቤታችሁ ፊት ነው።

ልጆች ባሉበት ቤት ስለ መጠኑ አንድ ቃል እንጨምር። የዓለም የጤና ድርጅት ለዐዋቂ ሰው በሳምንት 40 ሰዓት ያህል 80 ዴሲቤል፣ ለልጆች ደግሞ ያንኑ ሰዓት 75 ዴሲቤል ቢሰሙ አይጐዳም ይላል፤ ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቍጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀነሳል። ወፍራም ድምፅ የሚያወጣ መሣሪያ በተገዛበት ሰሞን ከፍ አድርጎ መስማት የሁሉ ሰው ፈተና ነውና በመጀመሪያው ሳምንት ቍልፉን የሚይዘው ማን እንደ ሆነ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

አባወራው እስካሁን የጻፍነውን አንብበው እንዳይከፋቸው፣ ረጅሙ ማጉያ የሚመረጥበትን ቤት ደግሞ እንናገር። ሳሎኑ ሰፊ ከሆነ፣ ማጉያዎቹን ከኋላ ግድግዳቸው ግማሽ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ማራቅ ከተቻለ፣ ከታች የሚኖር ሰውም ከሌለ እኛ ራሳችን ረጅሙን እንመርጣለን። የሚያገጣጥሙት ነገር የለውም፤ የሚዳኹለት የለም፤ ወፍራሙና ቀጭኑ በአንድ ባለሙያ እጅ ተመዝነው ይመጣሉ። ብዙ እንግዳ በተሰበሰበበት ቀንም ሳይጨነቅ ይጮኻል። መብራት በሚዋዥቅበት ሰፈር ደግሞ ሰብዉፈር በሆዱ የያዘው አምፕሊፋየር ሊቃጠል የሚችል አንድ ተጨማሪ ዕቃ ነው፤ ረጅሙ ማጉያ ግን ራሱ ሶኬት አይጠይቅም። ቦታ ይይዛል የሚባለው ሐሜት ግን እምብዛም እውነት የለበትም፤ ትንሿም ማጉያ በመቆሚያ ላይ ስትቆም የምትይዘው ወለል ከረጅሙ ብዙም አያንስም። እንዲያውም ሕፃን ሲደገፋት ቶሎ የምትወድቀው እርሷ ናት፤ ስለዚህ በመቆሚያ ካቆማችኋት በደንብ እሰሯት።

በግዢው ቀን በካርቶኑ ላይ በትልቁ በተጻፈው ዋት አትታለሉ። ፒ.ኤም.ፒ.ኦ. ተብሎ የሚጻፈው ቍጥር ለዐይን ነው እንጂ ለጆሮ አይደለም። የዕቃውን ጀርባ አዙራችሁ የሚበላውን የመብራት ኀይል አንብቡ፤ ከመብራት 60 ዋት የሚወስድ ዕቃ 5,000 ዋት አውጥቶ ሊቀጥል እንደማይችል ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያሻም። ኀይል በእጥፍ ሲጨምር ደግሞ የሚገኘው 3 ዴሲቤል ብቻ ስለ ሆነ፣ በ50ና በ100 ዋት መካከል ያለው ልዩነት ለጆሮ ትንሽ ነው። ለዚህ ልዩነት የሚከፈለውን ገንዘብ ለማጉያው ራሱ ብታውሉት ይሻላል።

ለእመቤቲቱ ቤት የምንመክረው እንዲህ ነው። ካጠራቀሙት ገንዘብ አብዛኛውን በሁለት ደኅና ትንንሽ ማጉያዎች ላይ አውሉት፤ የቀረውን አትንኩት። ሁለት ወይም ሦስት ወር በነዚሁ ብቻ ስሙ፤ አማቲቱ ቃሉን ለይተው እንደ ሰሙ፣ የጎረቤቶችም ፊት እንዳልጠቆረ እዩ። ከዚያ በኋላ ከበሮው ጐደለብን ካላችሁ፣ በቀረው ገንዘብ አንድ ሰብዉፈር፣ ከሁሉ አቅጣጫ የተደፈነውን ዓይነት፣ ልትጨምሩ ትችላላችሁ። ቀዳዳ ያለው ዓይነት በዚያው ዋጋ የበለጠ ይጮኻል፤ ነገር ግን ከተወሰነለት ወሰን በታች ድምፁ በፍጥነት ይወድቃል፤ በጠባብ ክፍልም ቶሎ ያብጣል። አባወራው ወደፊት ሰፊ ቤት ሲገቡ ረጃጅሞቹን ቢገዙ ደግሞ ይኸው ሰብዉፈር አብሯቸው ያገለግላል፤ የሚጣል ነገር የለውም።

በደብዳቤው ኅዳግ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ሌላ ጥያቄ አለ፤ በዕቃ ቤት የተቀመጡ፣ የአባወራው አባት የነበሩ አሮጌ ማጉያዎች ይጠቅሙ እንደ ሆነ ይጠይቃል። የፊቱን ጨርቅ ገልጣችሁ ዉፈሩን ተመልከቱ። በዙሪያው ያለው ስፖንጅ በጣት ሲነካ የሚፈረፈር ከሆነ እርሱን ብቻ መለወጥ ይቻላል፤ መሣሪያ የሚጠግን ሰው ይሠራዋል። ከዚያም መካከሉን በሁለት እጃችሁ ጣቶች በእኩል፣ በጣም በቀስታ ወደ ውስጥ ግፉት። ሳይፋቅ ገብቶ ከተመለሰ ሽቦው ደኅና ነው ማለት ነው። እንግዲያው አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት አስጠግኑና በዚያው ክፍል አንድ ቅዳሜ ስሟቸው።